ቀዩን ብቻ ላነበቡት ክቡር ሰብሳቢ

ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ የጽሑፍ ጥራት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ ደኅና ናቸው? የትንሣኤን በዓል በሰላም አሳልፈው ወደ ሥራዎ እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ዓይንዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ፤ የሰው ጽሑፍ የመመርመር ኃላፊነት ለተሸከመ ሰው ከዓይን የበለጠ የሚያስፈልገው ነገር የለምና። የኮሌጅዎን ስም እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን፣ በዚያው ግቢ የሚያስተምሩ ብዙ ጨዋ ሰዎች ስላሉ እነሱ በእርስዎ ምክንያት አንገታቸውን እንዳይደፉ ብዬ ነው።

እኔ በወገራ ደጋ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ አሁን ፀዳ የምኖር ሰው ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ ሆኖም ኮሚቴዎ በዚህ ወር መጀመሪያ በአንዲት ተማሪ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ሳያውቀው ስለ እኔ ብዙ ተናግሯል፤ መልስ መስጠት የግድ ሆነብኝ።

ተማሪዋ ወለላ ሙሉሰው ትባላለች። ወገራ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያቀረበችው ጽሑፍም ነፍሰ ጡር እናቶች አንድ ጊዜ ለክትትል ከመጡ በኋላ ለምን እንደሚቀሩ የሚመረምር ነው። ኮሚቴዎ ጽሑፉን መመሳሰል በሚፈትሽ ሶፍትዌር አሳለፈው፤ ሶፍትዌሩ ከመቶ ሠላሳ አራቱ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ይመሳሰላል አለ፤ ኮሚቴው ሌብነት ነው አለ። እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ የሰው ጽሑፍ መስረቋን በፊርማዋ ካላመነች ከትምህርቷ ትሰናበታለች፤ ካመነች ደግሞ ጥፋቷ በማኅደሯ ሰፍሮ እንደገና እንድትጽፍ ይፈቀድላታል። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩትም ስለዚህ ነው።

ጽሑፉን ሶፍትዌሩ በቀይ እንደቀባው፣ ከሽፋኑ እስከ ዋቢዎቹ ዝርዝር፣ ሰማንያ ስድስቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ። እርስዎም ይህንኑ አድርገው እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፍርም። ቅሬታዎቼን ግን ኮሚቴዎች እንደሚወዱት በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሌባ ለመያዝ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሰው ተሳስተዋል። ሌባው እኔ ነኝ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለስድስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ነበረን፤ ወለላ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስም ያው ነበር። ልጆቹ እንግሊዝኛ ጻፉ ሲባሉ አንዲት ቃል ያሰፍሩና እስክሪብቶ እየነከሱ ይቀመጣሉ። ቸገረኝና የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ፣ በነጩ ውስጡ ላይ አርባ የእንግሊዝኛ ሐረጎች በቀለም ጻፍኩ። ከሦስትና ከአራት ቃል የተሠሩ፣ ሳይነጣጠሉ አብረው የሚሄዱ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ሳያስቡ የሚጽፏቸው ናቸው። «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፣ ማለትም በሌላ በኩል ሲታይ። «አዝ ኤ ሪዘልት ኦፍ»፣ ማለትም ከዚህ የተነሣ። «ኢት ኢዝ ኢምፖርታንት ቱ ኖት ዛት»፣ ማለትም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር። ጆንያውን ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ሰቀልኩት፤ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ቆሞ ይቀበለኛል፣ እኔ ስጀምር እነሱ ይጨርሳሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው «አርባዎቹ» ብለው ስም አወጡላቸው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አርባዎቹን ያልገለበጠና በቃሉ ያልያዘ ልጅ ከእኔ ክፍል አላለፈም።

ይህ አሠራር የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ፤ ጎንደር ነው የምንኖረው። በዚህ አገር ትምህርት ማለት ከየኔታው አፍ ተቀብሎ በቃል መያዝ ሆኖ ኖሯል። አንድ የቆሎ ተማሪ የተቀበለውን ዜማ አሳምሮ ሲያዜም መምህሩ ይመርቀዋል እንጂ ሰረቅኸኝ ሲለው አልሰማሁም። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው አስተማርኩ፤ እንደዚያው ያዙልኝ።

የሶፍትዌሩን ሪፖርት ስገልጥ በቀይ ተቀብተው ያገኘኋቸው እነዚያው ናቸው። አርባዎቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር። ከእነሱ ሌላ ቀይ ሆኖ ያየሁት የዋቢዎቹን ዝርዝርና የጤና ሚኒስቴርን ስም ነው፤ እሱንም ሰርቃለች ካላችሁ ሚኒስቴሩ ሌላ ስም እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነገር የወንጀል ማስረጃ ሆኖ ሳየው፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። እርጅና እንዳይመስልዎት፤ ንዴት ነው።

ሁለተኛ። ፍርድ ለማዛባት የምፈልግ እንዳልመስል የወለላን ጥፋት አልደብቅም። «ልብ ሊባል የሚገባው» የሚለውን ሐረግ በእንግሊዝኛ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፋዋለች፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ልብ የሚባል ነገር የለም። በአንድ በኩል ሳትል በሌላ በኩል የምትልባቸው ገጾችም አሉ። አንቀጽ በጀመረች ቁጥር ከአርባዎቹ አንዱን ታስቀድማለች። ያሰለቻል። እኔን ራሴን አሰልችቶኛል።

ነገር ግን በሰው ቋንቋ መጻፍ በክረምት ወንዝ እንደመሻገር ነው፤ ሰው የሚያውቃትን ድንጋይ ብቻ ይረግጣል፣ ደጋግሞም ይረግጣታል፣ ሌላውን ቢሞክር ውሃው እንደሚወስደው ያውቃልና። ባለቋንቋዎቹ እነዚህን ሐረጎች ሲጽፉ ቋንቋውን ቻሉ ይባላል፤ የእኛ ልጆች ሲጽፏቸው ተያዙ ይባላል። ባይጽፏቸው ደግሞ እንግሊዝኛቸው የአማርኛ ነው ብላችሁ የምትመልሱት እናንተው ናችሁ። ልጅቷን ጠርታችሁ «ጽሑፍሽ ያሰለቻል፣ ሐረጎቹን ቀንሺ፣ አለዋውጪ» ብትሏት ኖሮ እዚህ ፀዳ ድረስ ሳይሰማኝ አልቀርም ነበር፤ ሰምቼም መጥቼ ጉልበትዎን በሳምኩ። ማሰልቸት ጥፋት ነው። ሌብነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን መለየት ያቃተው ኮሚቴ የጽሑፍ ጥራት የሚል ስም መሸከሙ አስገርሞኛል።

ሦስተኛ። የወለላ አባት አያ ሙሉሰው ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሰርቃለች ተብላ መከሰሷን ሲሰሙ በማግስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወርደው እኔ ዘንድ መጡ፤ ከልጃቸው ትምህርት ቤት የሚያውቁት ሰው እኔን ብቻ ነውና። እሳቸው በሚኖሩበት አገር ስርቆት ማለት ባለቤት ያለው ነገር ነው። ከብት ከተነዳ የተነዳበት ሰው አለ፤ የነዳው ወገን ሽማግሌ ይዞ ደጁ ላይ ይወድቃል፣ ይቅርታ ይለምናል፣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። አያ ሙሉሰውም ልጄ አላጠፋችም ብለው አልተከራከሩኝም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡና እንዲህ ብቻ አሉኝ፦

«መምህር፣ ምነው ባለቤቱን አይነግሩኝ? የማን ነው የተባለው? ደጃፉን ያሳዩኝና ልውደቅበት።»

ምን ልበላቸው፣ ክቡር ሰብሳቢ? ሪፖርቱን ገለጥኩ። የተሰረቀባቸው ባለቤቶች ተብለው የተዘረዘሩት ስልሳ አንድ ናቸው። አንዱ ከጅማ ነው፣ ሦስት ቃል ጠፍቶበታል። አንዱ ናይጄሪያ የሚኖር የዓሣ ሐኪም ነው። ሌላው ከኢንዶኔዥያ ስለ ሩዝ የጻፈ ሰው ነው፤ እሱም «በሌላ በኩል ሲታይ» የሚለው ሐረግ ተወስዶበታል። አያ ሙሉሰው ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ኢንዶኔዥያ እንዲወድቁ ልምከራቸው? ኃላፊነቱን ኮሚቴው ከወሰደ መንገዱን እነግራቸዋለሁ። እስከዚያው ግን ባለቤቱ አልተገኘም ብዬ መለስኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ባለቤት የሌለው ስርቆት ሰምተው ስለማያውቁ በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው ይህን የመሰለ ጉዞና ይህን የመሰለ እፍረት ስላዘጋጁላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ። ገጽ አርባ ሰባትን ስላላነበቡልን አመሰግናለሁ።

ወለላ በአሥራ አንድ ቀበሌ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እናቶችን አነጋግራለች፤ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት በእግሯ። ያገኘችውን ገጽ አርባ ሰባት ላይ ጽፋዋለች። የአካባቢው ገበያ ረቡዕ ነው፤ የጤና ጣቢያው የክትትል ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ለገበያ የሦስት ሰዓት መንገድ ወርዳ ያንኑ ሦስት ሰዓት ወጥታ የተመለሰች ነፍሰ ጡር በማግስቱ ያንኑ መንገድ አትደግመውም። ትቀራለች። የቀረችው ግንዛቤ አንሷት አይደለም፣ ባሏም ከልክሏት አይደለም፤ ደክሟት ነው። ወለላ አንዲት እናት ያለቻትን ቃል በቃል አስፍራዋለች፦ «ሆዴን ተሸክሜ በሳምንት ሁለቴ ዳገት አልወጣም፤ ረቡዕ ቢሆን ሸጋ ነበር።»

ይህ ነው ግኝቱ። ቀጠሮውን ወደ ገበያው ቀን ማዛወር ነው፤ አንድ ማስታወቂያ ቀዶ ሌላ መለጠፍ ነው። ከእሷ በፊት ስንት ባለሙያ ስለነዚያ እናቶች ጽፏል፤ ረቡዕንና ሐሙስን ያስተዋለ ግን አልነበረም። ያስተዋለችው እርስዎ ሌባ ያሏት አዋላጅ ናት።

ገጽ አርባ ሰባት ላይ አንድም ቀይ የለም። ሶፍትዌሩ ከየትም ስላላገኘው፣ የማንም ስላልነበረ፣ ነጭ አድርጎ አሳለፈው። የራሷ የሆነው ሁሉ ነጭ ነው፤ ኮሚቴዎ ደግሞ ያነበበው ቀዩን ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ጽሑፉ ሳይጸድቅ ቀጠሮ አልቀይርም ስላለ ቀጠሮው ዛሬም ሐሙስ ነው። ያለፈው ሐሙስ ስንት ሴት እንደቀረች ወለላ ቆጥራ ነግራኛለች፤ ቁጥሩን ግን እርስዎ ራስዎ ደውለው ቢጠይቁ ይሻላል፣ ከእኔ ከሰሙት ከየት ገለበጥኸው እባላለሁ።

አምስተኛ። ስለ ደብዳቤዎ አማርኛ አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ውሳኔው ለወለላ የደረሳት ሚያዝያ 8፣ በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ነው። እንደሚያውቁት በዚያ ሳምንት እኛ ክርስቲያኖች ሰላም አንባባልም፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ እንኳ ዝም ተባብለን እናልፋለን። ደብዳቤዎ ግን «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ይዘጋል። የሰው ልጅ ከትምህርት ገበታዋ ልትባረር ነው ተብሎ፣ በሕማማት፣ ከሰላምታ ጋር! መቼም አስበውበት አልጻፉትም፤ እጅዎ የለመደውን ነው የጻፈው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውም የእርስዎ ፈጠራ አይደለም፣ «ጉዳዩን በጥልቀት በመመርመር» የሚለውም፣ «አስተማሪ እርምጃ» የሚለውም። እነዚህ የቢሮው አርባዎች ናቸው። ሲሾሙ ተቀበሏቸው፣ ያዟቸው፣ ይጽፏቸዋል፤ በዚህ ሰረቁ ያለዎት የለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እርስዎ የሚጽፉት አፍ በፈቱበት ቋንቋ ነው፣ እሷ ግን በትምህርት ባገኘችው። ለማን ይፈረድ ነበር?

ስድስተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። ወለላ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዛ ቤቴ የመጣች ዕለት ልትፈርም ወስና ነበር። አባቷ ዘንድ ወሬው ገና አልደረሰም፤ ሳይደርስ ፈርሜ ልጨርሰው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ አለችኝ። እኔ አትፈርሚም ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ የዘጠነኛ ክፍል ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«መምህር፣ ያኔ ሲሰጡን የሰው መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። አዎን ብላት ሌባ አድርጌ አሳድጌአታለሁ፤ አይደለም ብላት ደግሞ የሚያምነኝ የለም፣ ማሽኑ ተናግሯልና። ደብተሩን ዘግቼ ሰጠኋት። የጻፍኩላትን ነገር ሁሉ እንድትጠራጠር አድርጋችኋታል፤ አንዲት አዋላጅ የገዛ እጇን ጽሑፍ የማን ነው እያለች እንድታየው አድርጋችኋታል። ለዚህ ምስጋና ባፈላልግ አጣሁ። ለዚህስ ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ሞክሬ አልሆነልኝም፣ በጣም ተቆጥቻለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሚያዝያ 30 ሳይደርስ ኮሚቴዎ ተቀምጦ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብበው፤ ቀዩንም ነጩንም። ካነበበው በኋላ አሰልቺ ነው ቢል እኔ ራሴ ከወለላ ጋር ተቀምጬ ሐረጎቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ የተከልኳቸው እኔ ነኝና መንቀሉን አውቅበታለሁ። የምትፈርመው ወረቀት ግን የለም።

ወንበርዎን ከፍ፣ ዓይንዎን ወደ ገጹ ዝቅ ያድርግልዎ፤ ረጅም ዕድሜና የንባብ ጊዜ ይስጥዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣

አርባ ሐረጎችን ወስዶ ለሠላሳ አንድ ዓመት ለገበሬ ልጆች ማደሉን በገዛ ፊርማው የሚያምን፣
አስናቀው ወልደ ዮሐንስ
ፀዳ፣ ጎንደር

ማስታወሻ። ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የእርስዎን ውሳኔ እንደገና አነበብኩት። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ወለላ ድንገት «ተማሪ ሐምዛ» ሆናለች፤ ከዚያ በኋላም እስከ መጨረሻው «እሱ» ተብላለች። ሐምዛ ማን እንደሆነ ከኮሌጅዎ በር ፊት ለፊት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠርዙትን ሰዎች ጠይቄ አገኘሁት። የጭልጋ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ደብዳቤ ደረሰው፣ ፈረመ። እንደገና እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ነበር፤ አልጻፈም። «ከፈረምኩ በኋላ እንግሊዝኛ ስጽፍ እጄ የኔ አልመስል አለኝ» ነው ያለኝ። አሁን አዘዞ ባጃጅ ይነዳል። የእሱን ደብዳቤና የወለላን ጎን ለጎን አድርገን ቆጠርን፤ ከመቶ አሥራ ስምንቱ ቃል መቶ ዘጠኙ አንድ ናቸው። እንደ ኮሚቴዎ ሒሳብ ከመቶ ዘጠና ሁለት ይሆናል።

ወለላ ሐምዛን ካየች በኋላ አልፈርምም ብላለች። የላኩላት የእምነት ቃል ቅጽ እኛ ዘንድ ተቀምጧል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ስለሆነ አልተበላሸም። ሚያዝያ 30 ጠዋት ሐምዛ ቅጹንም እኔንም በባጃጁ ይዞልዎት ይመጣል። ለሚፈርሙበት እስክሪብቶ እንዳይቸገሩ፤ እኔ አለኝ።